«ሜጋ ቤት ርካሽ ነው» ለሚሉን

ከአዲስ አበባ ወደ ቦረናዋ ሜጋ ለሥራ ብቅ ያለ ሁሉ አንድ ነገር ሳይል አይመለስም፤ «እናንተ እኮ ተገላግላችኋል፣ ቤት ርካሽ ነው።» ይህን የሚለው ሰው አልጋ ይዞ ሁለት ሌሊት አድሮ የሚሄድ ስለሆነ ብዙም አይፈረድበትም። የሚያናድደው ሌላው ነው። ወረዳና ዞን ወንበር ላይ የተቀመጠውም፣ የከተማው ነዋሪም፣ አከራዩም ያንኑ ቃል ተቀብሎ መድገሙ ነው። እንደነሱ አባባል የቤት ኪራይ ችግር የአዲስ አበባ፣ የአዳማ፣ የሐዋሳ ጣጣ ነው። ሜጋ፣ ዱብሉቅ፣ ሞያሌ፣ ነገሌ ላይ ያለው ተከራይ ደግሞ አላፊ ነው፤ ዛሬ ተመድቦ መጥቶ ነገ በዝውውር ይሄዳል፤ እስከዚያ አንገቱን የሚያስገባበት ጣሪያ አያጣም። ክርክሩ እንግዲህ በሁለት ነገር ላይ ቆሟል፤ ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ተከራዩ አላፊ ነው። ሁለቱንም አልቀበልም።

ርካሽ የተባለውን ገብተን እንየው። እዚህ ቤት የሚፈለገው በወሬ ነው። ሻይ ቤት ትጠይቃለህ፣ የባጃጅ ሹፌር ትጠይቃለህ፣ «አንድ ክፍል አለ» ይባላል፣ ትሄዳለህ። ባለቤቶቹ ፊት ለፊት ባለው ቤት ይኖራሉ። ለኪራይ የቀረበው አጥሩን ተደግፈው በተርታ ከተሠሩት ክፍሎች አንዱ ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጭቃው ደርቆ ከማገሩ ለቅቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ወለሉ ሊሾ እንኳን አላየም፣ የተደለደለ አፈር ነው። ጥግ ካለው ምሰሶ ሥር ቀጭን የአፈር መስመር ተነስቶ ወደ ማገሩ ይወጣል። ምስጥ ነው። አከራይዋ በጫማዋ ጫፍ ጠረግ ታደርገውና «እሱ የድሮ ነው» ትላለች፤ የተጠረገው አፈር ግን ገና እርጥብ ነው። መብራቱ ከዋናው ቤት የተሳበ አንድ አምፖል ነው። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ምድጃ መሰካት ክልክል ነው። (በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ መስመር በቦረና ምድር አቋርጦ እንደሚያልፍ በነገራችን ላይ ልጥቀስ።) ሽንት ቤቱ በግቢው ማዶ ነው፣ ለሁሉም ክፍል አንድ። ውኃስ? «ጋሪ ያመጣል።»

በሩም የቆርቆሮ ነው። ቁልፍ የሚገባበት ከውጭ በኩል ብቻ ነው፤ ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም። «አዴ፣ ከውስጥ የሚዘጋ ነገር ብታሠሪለት?» ብትላት፣ «ባርሲሳ (አስተማሪ ማለቷ ነው)፣ ማን ይመጣብሃል? እዚህ ሌባ የለም» ብላ ትስቃለች። አስተማሪው ወንድ ከሆነ አብሯት ስቆ ይገባ ይሆናል። የሌሊት ተረኛ የምትሆነው፣ በጨለማ ግቢ አቋርጣ ሽንት ቤት የምትሄደው የሃያ ሦስት ዓመት ነርስ ግን በዚህ አትስቅም። ደግሞም እሷን ሌላ ጥያቄ ይጠብቃታል፤ «ብቻሽን ነሽ? ባል የለሽም? እንግዳ ይመጣብሻል?» ቤቱን ከማየቷ በፊት እሷ ትታያለች።

እርግጥ ይህ ክፍል ርካሽ ነው። አዲስ አበባ ለአንድ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ በሚወጣው ገንዘብ እዚህ ከተርታው ሁለት ሦስቱን ክፍል መያዝ ይቻል ይሆናል። ግን ሒሳቡ የተሠራው በግማሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው መሠረታዊ ፍላጎት በቀን 20 ሊትር ያህል ውኃን እንደ ዝቅተኛ ልክ ይጠቅሳል። 20 ሊትር ማለት አንድ ጄሪካን ነው። አራት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን አራት፣ በወር 120፣ በዓመት 1,460 ጄሪካን ይገዛል ማለት ነው። ይህ ወጪ በኪራይ ውሉ ላይ አይሰፍርም፤ ውል ካለ ማለቴ ነው። ምድጃ ስለተከለከለ የሚገዛው ከሰልም አይሰፍርም። ስንጥቁን የሚመርገው፣ ጣሪያው ሥር ላስቲክ የሚወጥረው፣ ለበሩ መቀርቀሪያ የሚያሠራው ተከራዩ ነው። ክፍሉን ሰው የሚኖርበት ካስመሰለው በኋላ ደግሞ «አሁንማ ቤቱ አማረ» ተብሎ በዓመቱ ይጨመርበታል። ለራሱ ሥራ ራሱ ሲከፍል ይኖራል።

ቦረና ቆላ ስለተባለ ብርድ የማያውቀው አገር የሚመስለውም አለ። ሜጋ ተራራ ተንተርሳ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ጉም የሚወርድባት ከተማ ናት። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ጣሊያንን ከሜጋ ምሽግ ሲያስለቅቅ ወታደሮቹን ከጥይቱ ባልተናነሰ ያሠቃያቸው ዝናቡና ብርዱ እንደነበር የጦርነቱ ታሪክ ይነግረናል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቀን እሳት ነው፣ ሌሊት ደግሞ ጤዛ እያቆረ አልጋ ላይ ያንጠባጥባል።

ርካሽነቱን ለማስረዳት የሚመጣው ሌላው ማስረጃ ደመወዝ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ የዲግሪ ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆነ፤ «ታዲያ እዚህ ኪራይ ምን ይቸግረዋል?» ይሉናል። ይሁን፣ አይቸግረው። እንዲያውም እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሠራተኛው ከሚከፍለው ላይ ጨምሮ የተሻለ ቤት ለመያዝ ዝግጁ ነው፤ ገንዘቡን ይዞ ከተማውን ቢዞር ግን የሚከፍልበት ቤት አያገኝም። ሊሾ ያለው፣ ከውስጥ የሚዘጋ፣ የራሱ ቆጣሪና የራሱ ሽንት ቤት ያለው ሁለት ክፍል ስጡኝ ቢል «ይገኛል እንጠይቅ» ይባልና ወራት ያልፋሉ። ገበያ ላይ የሌለ ዕቃ ርካሽ ነው ተብሎ አያውቅም፤ እኛ ግን በጭቃው ክፍል ዋጋ ቤቱን ሁሉ ርካሽ እንለዋለን።

አሁን ወደ «አላፊ ነው» እንምጣ። ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ያስቆጨኛል፣ ምክንያቱም የሚናገሩት ሰዎች ስለ ራሳቸው ከተማ ሲናገሩ ነው የሚሳሳቱት። ሜጋ ላይ ተከራይቶ የሚኖረው ማነው? አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይዋ፣ ፖሊሱ፣ የመንገድና የውኃ ሠራተኛው፣ ከቡርጂ፣ ከኮንሶ፣ ከጌዴኦ፣ ከጉራጌ መጥቶ ሱቅ የከፈተው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ ገና የሚባለው ዝናብም ሀገያ የሚባለውም ሲቀር፣ ከብቱ አልቆበት ወደ መንገድ ዳር ከተሞች የወረደው አርብቶ አደርም አለ። ከእነዚህ ውስጥ አላፊ የምትሉት የትኛው ነው? ያ ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ ወዴት ነው የሚያልፈው?

አስተማሪውስ ቢሆን፣ በሁለት ዓመቱ ዝውውር የሚጠይቀው ስለምን ነው? በየስብሰባው «ሠራተኛ አይረጋልንም» ይባላል፣ የበረሃ አበል ይጨመር ይባላል፣ ወጣቱ የአገር ፍቅር የለውም ይባላል። ተማሪው በዓመት አጋማሽ የሒሳብ መምህር እየተቀየረበት ይማራል። አላፊ ነው ብለን ለአላፊ የሚሆን ክፍል ሰጠነው፤ ክፍሉም አሳለፈው። ምክንያትና ውጤት ተገለባብጦ ቀርቦልን እኛም እናጨበጭባለን።

ደግሞ «ለአላፊ ይበቃዋል» የሚለውን በቦረና ምድር ላይ መናገር አያምርም። ተንቀሳቅሶ መኖርን ከቦረና የተሻለ ማን ያውቃል? ፎራ የወጣው ከብት ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ዋራው ከቤት ይቀራል፤ መንደር ይነሳል፣ መንደር ይተከላል። ጎጆዋን የምትሠራው ሴቷ ናት። ሲፈለስም እንጨቱን ነቅላ፣ በግመል ወይም በአህያ ጭና፣ በደረሰችበት መልሳ ትተክለዋለች። በሩ ወዴት እንደሚዞር፣ እሳቱ የት እንደሚሆን፣ አልጋው የት እንደሚዘረጋ ሥርዓት አለው። እንሄዳለን ብሎ ሥርዓት የጎደለው ጎጆ የሚሠራ የለም። በሕይወቱ ሙሉ ሲንቀሳቀስ የኖረ ሕዝብ ለአላፊ ሰው የሚገባውን ቤት አሳምሮ ያውቃል። ይህን ያላወቀችው ቆማ የቀረችው ከተማ ናት።

እንግዳ መቀበልን በተመለከተም ማንም ማንንም አያማም። ማምሻውን የደረሰ ሰው ወተት ይቀርብለታል፣ የተሻለው መኝታ ይለቀቅለታል፤ ደገኛውም «ቤት የእግዜር ነው» ይላል። ለአንድ ሌሊት በነጻ የሚያድረው የተሻለውን ሲያገኝ፣ አምስት ዓመት በየወሩ የሚከፍለው የባሰውን ይይዛል። ተከራይ ግዴታ ላይ ሲደርስ ነጋዴ ነው፤ መብት ላይ ሲደርስ እንግዳ ነው።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ካለ ወደ ነገሌ ቦረና ይሂድ። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሰፈረው የአራተኛው ብርጌድ ወታደር ያመፀው በርዕዮተ ዓለም አልነበረም። ምግቡ ተበላሽቷል፤ የተራ ወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተሰብሯል፤ የመኮንኖቹን ጉድጓድ እንጠቀም ቢሉ ተከለከሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያበርዱ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ያዟቸውና ያንኑ ምግብ አበሏቸው፣ ያንኑ ውኃ አጠጧቸው። በዚያው ዓመት የመጣውን አብዮት የሚተርክ ሁሉ ይህን አመፅ ከመነሻዎቹ መካከል ይጠራዋል። እነዚያ ወታደሮችም ተመድበው የመጡ አላፊዎች ነበሩ። የአስተማሪና የነርስ ክፍል መንግሥት ይገለብጣል አልልም፤ እነሱ ጠመንጃ የላቸውም፣ ዝም ብለው ሻንጣቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። ለዚህም ነው የማይሰሙት።

ችግር መኖሩን የሚቀበሉትስ ምን ይላሉ? አንዳንዶቹ ጣታቸውን ኤንጂኦ ላይ ይቀስራሉ፤ ድርቁን ተከትለው መጥተው ኪራዩን ሰቀሉት ይላሉ። ኤንጂኦ የሚከራየው ስድስት ክፍል ያለውን፣ መኪና የሚያስገባውን የብሎኬት ግቢ ነው፤ የጭቃውን ክፍል ከማንም አልቀማም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ በአገሪቱ ብዙ ፕሮጀክት ተዘጋ። እንዲህ ያለው ግቢ ሲለቀቅ አንድ አስተማሪ አይከራየውም፤ ቀጣዩን ፕሮጀክት ይጠብቃል። የጎደለው በጭቃው ክፍልና በቪላው መሐል ያለው ቤት ነው፣ ያንን ደግሞ የሠራውም ያስወደደውም የለም።

ሌሎቹ አከራዩን ስግብግብ ይሉታል። እዚህ ላይ ለተከራይ ቆሜ እየተከራከርኩ ለአከራይ ጠበቃ ብሆን አትፍረዱብኝ። የሜጋ አከራይ ብዙ ጊዜ ማናት? ከድርቁ ያተረፈቻቸውን ጥቂት ከብቶች ሸጣ፣ ቤት በድርቅ አይሞትም ብላ ተርታ ክፍል ያስቀለሰች ሴት ናት። በቦረና ከብት ሽጦ ከተማ ላይ ቤት መሥራት ቀስ እያለ የተስፋፋ፣ አጥኚዎችም አስቀድመው ያዩት ነገር ነው። ጥበብም ነው። ግን ሒሳቧን እንያዝላት። የአገሪቱ ትልልቅ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች፣ ደርባም ሙገርም ለሚም፣ ያሉት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ነው። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሜጋ ለመድረስ ከአዲስ አበባ ብቻ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ባሕር ዛፉ ከደጋው ይመጣል። ቆርቆሮና ሚስማር በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የት እንደደረሰ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ብድር ልጠይቅ ብትል ካርታ አምጪ፣ መያዣ አምጪ ትባላለች። እንግዲህ በእጇ ያለው ጭቃ ነውና ጭቃ ታቀርባለች። ስግብግብ ብትሆን ኖሮማ ሊሾ አድርጋ እጥፍ ታስከፍል ነበር፤ የሚከፍላት አለና።

ሕግስ? መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን፣ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። ውል በጽሑፍ ይሁንና ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ጭማሪው በተቆጣጣሪው አካል በሚወሰነው ልክ ይሁን ይላል። ውልን በጽሑፍ ማድረጉን በሁለት እጄ እደግፋለሁ፤ በቃል የገባ በቃል ይወጣልና። ነገር ግን አዋጁ የተጻፈው ቤት ላለበትና ዋጋ ለሚያሻቅብበት ከተማ ነው። ከአንቀጾቹ የትኛው ነው ለአንድ በር ከውስጥ መቀርቀሪያ የሚሠራው? የዋጋ ጣሪያ ብቻውን ቤት አይሠራም፤ አንዳንዴ ያለውንም ያሸሻል። በርሊን እ.ኤ.አ. በ2020 ኪራይ ላይ ጣሪያ ስታበጅ ለኪራይ የሚቀርበው ቤት አሽቆለቆለ፣ በዓመቱም ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ሻረው። ሩቅ ላለመሄድ፣ እኛው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤትን ወረስን፣ አነስተኛ ኪራዮችን እስከ ግማሽ ቀነስን። የደሃው ተከራይ እፎይ አለ፣ ይህ አይካድም። ግን አንድ ሰው ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ሲደረግ ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ጠፋ፤ የተወረሱት የቀበሌ ቤቶችም የሚያድሳቸው አጥተው ባሉበት አረጁ። ትንሽ ከተማን ያ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ማዘጋጃ ቤት ቦታ ሲያድል በማኅበር ተደራጅቶ የራሱን ለሚሠራ ያድላል፤ ለኪራይ የሚሆን ቤት እሠራለሁ ለሚል በዕቅዱ ላይ መስመር የለውም።

«ታዲያ ሠራተኛውም በማኅበር ተደራጅቶ ይሥራ» የሚለው መልስ ሁሌ ይከተላል። ያቺ ነርስ ለሦስት ዓመት ነው የመጣችው። መሠረት አስቆፍራ፣ ለድንጋይና ለአሸዋ ስትሯሯጥ፣ ግድግዳው ወገብ ሲደርስ ጊዜዋ ያልቃል። ሁሉም ሰው በሁሉም ዕድሜው የቤት ባለቤት መሆን የለበትም። ደህና ተከራይቶ መኖር ራሱን የቻለ ኑሮ ነው፣ የባለቤትነት መጠባበቂያ ክፍል አይደለም።

ሊደረግ የሚችለው ነገር እንደሚባለው ሩቅ አይደለም። ከውኃው ልጀምር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የስድስት ክፍል ተርታ ጣሪያ 60 ካሬ ቢሆንና በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 30,000 ሊትር ይወርዳል፤ 1,500 ጄሪካን መሆኑ ነው። ከላይ ያሰላነው የአንድ ቤተሰብ የዓመት ፍጆታ 1,460 ነበር። የሚባክነው ቢቀነስ፣ ግማሹ ቢቀር እንኳ ጥቂት አይደለም፤ ዛሬ ያ ሁሉ በአጥሩ ሥር አፈር እየቦረቦረ ይሄዳል። ሀገያ ሲከሽፍ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ በድርቅ ዓመት ጋሪው ይመለሳል። ለአሸንዳ፣ ለሮቶ ወይም ለሲሚንቶ ጉድጓድ የሚሆን መነሻ ገንዘብ ለአከራይዋ ማበደር ግን ለወረዳ የሚከብድ ነገር አይደለም፤ በምትኩ ደረጃውን የጠበቀ ሽንት ቤትና ከውስጥ የሚዘጋ በር ይጠየቃል። ከዚያ የግቢው ውኃ በማን ተራ ይቀዳል ለሚለው፣ በዱብሉቅ የቱላ ጉድጓድ ላይ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚያሰላ አባ ሄሬጋ ያለው ሕዝብ ለስድስት ተከራይ ተራ ማውጣት አያቅተውም።

ቦታም ጉዳይ ነው። ያቤሎ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላ አላት፣ መንገዱ አስፋልት ሆኖ ከናይሮቢ ተገናኝቷል፤ በዚህ መስመር ላይ ሠራተኛ ይበዛል እንጂ አያንስም። ለሱቅ የመንገድ ዳር ቦታ ሲሸነሸን ማንም አይረሳም። ሌላው ቀርቶ ትምህርት ቤቱና ጤና ተቋሙ ሲሠራ በግንባታው ሰነድ ላይ የሠራተኛ መኖሪያ ለምን እንደማይካተት፣ ወይም ተካቶ በበጀት እጥረት መጀመሪያ የሚሰረዘው ለምን እሱ እንደሚሆን መልስ የሚሰጥ ሰው እፈልጋለሁ። ሕንጻው ተመርቆ ሪባን ይቆረጣል፤ በውስጡ የሚሠራው ሰው የት ያድራል የሚለው ለሻይ ቤት ወሬ ይተዋል።

ለማንኛውም፣ «ሜጋ ቤት ርካሽ ነው» የሚለኝን ኃላፊ ከእንግዲህ አልከራከረውም። ባለቤቱና ልጆቹ የት እንደሚኖሩ ብቻ እጠይቀዋለሁ። ሜጋ ካለኝ፣ የትኛው ግቢ እንደሆነ ይንገረኝና ክፍት ክፍል ካለ ለነርሷ እነግራታለሁ።